አሥር ሰዓት ላይ የሚፈካው አበባ

ከባሌ ከበዳዳ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ የማታውን አበባ ዘንግ ማሰር ነበር። መስከረም ጠብቷል፣ ክረምቱ ግን ገና አልወጣም። ሌሊት የጣለው ዶፍ ዘንጎቹን አጉብጧቸው ስላደረ እሱ ቀጫጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ይሰካል፣ እኔ ከአሮጌ ነጠላ እየቀደድኩ አስራለሁ። "አታጥብቂው፣ አንገቱን እኮ ነው የያዝሽው" አለኝ። "አንተ ያላላኸው መቼ ቆሞ ያውቃል?" አልኩት። ወገቡን ይዞ ቀና አለና ሳቀ። እጃችንን ከበርሜሉ ውሃ ታጠብን፣ ሻይ ጠጣን፣ ስለ አጥሩ ቆርቆሮ ትንሽ ተጨቃጨቅን፣ ተኛን። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይዋ ቁልጭ ብላ ወጥታ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ሲያስር እንዳጎነበሰ ቀረ። እኔ እውስጥ ምስር እለቅም ነበር። ምንም አልፈራሁም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራ ኖሬ፣ መፍራት በነበረብኝ ሰዓት ምስር እየለቀምኩ ነበር።

ሙት ዓመቱን ካወጣን ወዲህ መጻፍ ጀመርኩ። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስሠራ የሰው ስም በጥንቃቄ መጻፍ ለምጄ፣ እስካሁን ፊደል ማጣደፍ አይሆንልኝም። የዘንድሮው የመጀመሪያ ዝናብ አቧራውን ሲመታውና የአቃቂ ጥቁር አፈር ያ የምናውቀው ሽታው ሲነሣ፣ ካለሁበት ወንበር ተነሥቼ በዳዳን ልጠራው ነበር። "መደቡን ውሃ እንዳይዘው ቦዩን ክፈትለት" ልለው። አፌን ከከፈትኩ በኋላ ነው ያስታወስኩት። እንዲህ ያለውን ጊዜ ሰው ሐዘን ይለዋል። እኔ ግን የሚሰማኝ ፍርሃት ነው፤ እሱም ከድሮ የማውቀው፣ ሽታውን የማልስተው ፍርሃት ነው።

አበባውን ለማያውቅ ልንገር። ቅጠሉ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ የሚቆም፣ ሰይፍ የመሰለ ነው። ከመሀሉ የሚወጣው ዘንግ ብዙ ቦታ ይከፋፈላል፣ በየጫፉ እምቡጥ ይይዛል። ሊቃውንቱ አይሪስ ከሚሉት ወገን መሆኑን ልጄ ሜሮን ከስልኳ አንብባ ነግራኛለች፤ እኛ የማታ አበባ ነው የምንለው። አበባው ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ነጠብጣብ አለበት። ቀኑን ሙሉ እምቡጡን ጨብጦ ይውልና አሥር ሰዓት ገደማ ይፈካል። ማታ ሁለት ሰዓት ሳይሆን እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠምዝዞ ይዘጋል። የተዘጋው ዳግመኛ አይከፈትም፤ በማግስቱ የሚፈካው ሌላው ነው።

ዘሩን ለበዳዳ የሰጠው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ሊተክል ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ አጭር ሰውዬ ነው። በዳዳ የጥገና ክፍል ሠራተኛ ነበር። ሁለቱ አንድም የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው በመፍቻና በጥርስ ሲግባቡ ከርመው፣ ሰውዬው ሊሄድ ሲል ጥቁር ጥቁር ፍሬ በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። አበባ መሆኑን በእጁ አሳየውና ሰዓቱ ላይ ያለችውን አራት ቁጥር በጣቱ መታ መታ አደረገለት። በዳዳም ገባኝ ብሎ መጣ። አበባው ለእምቡጥ ሲደርስ፣ ፈረቃው የማታ በሆነበት ሳምንት፣ ጠዋት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በርጩማ ይዞ ፊት ለፊቱ ይቀመጥ ጀመር። "ዛሬም የለም። ሰውዬው ቀልዶብኛል" ይላል። እሱ ሥራ ከገባ በኋላ አበባው ሲስቅ ያየሁት እኔ ነኝ። የፈረንጅ አራት ሰዓት የኛ አሥር መሆኑን ስነግረው፣ መፍቻ የማይስት ሰው ራሱን ይዞ ቀረ። "ታዲያ ስንት ቀን ሙሉ ቅጠል ሳይ ነው የኖርኩት?" አለ።

መደቡንም የሠራው እሱ ነው። የእናቱ ወገኖች ከተማው ሳይደርስባቸው እዚሁ ጤፍና ሽምብራ ያርሱ የነበሩ ሰዎች ናቸውና የዚህን አፈር ጠባይ ያውቃል። ክረምት ያብጣል፣ ሥር ያበሰብሳል፤ በጋ ይሰነጠቃል፣ የሰው እግር ይውጣል። ስለዚህ ከኮረብታው ቀይ ገረጋንቲ በጋሪ አስመጥቶ ከፍ ያለ መደብ ሠራ። በዚያን ጊዜ ጋሪ ከአቃቂ ድልድይ እስከ ቃሊቲ ስሙኒ ነበር። ዛሬ ስሙኒ ባሳየው የባጃጁ ልጅ ምን እንደሆነች አገላብጦ ይጠይቀኛል። ዳቦ አሥር ሳንቲም፣ እሱም ትኩሱ። ሴቶቹ ሽብሽቦ ቀሚስና የኮንጎ ጫማ፣ ወንዶቹ እሑድ እሑድ አፈር የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ፣ በአዘቦት የዘይት ሽታው የማይለቅ ቱታ። ባቡሩ ወደ ድሬዳዋ ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር። ወንዙ ደግሞ የተነከረውን ጨርቅ ቀለም ይዞ ይወርዳል፤ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ። ነገ ገበያ የሚወጣው ጨርቅ ምን ዓይነት እንደሆነ ከድልድዩ ላይ ሆነን እናውቅ ነበር።

ዘመኑን በስሙ አልጠራውም። እኩዮቼ ያውቁታል፣ ያልደረሱበትም ሰምተዋል። ሬዲዮ ያለው ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ የወታደር ማርሽ ሲሆን ብቻ ከፍ ያደርገዋል። ሠርግ ላይ እንኳ ሲዘፈን አንድ ሰው በር ላይ ይቆማል። ከሁሉም የምፈራው ሰዓት እላፊውን ነበር። ወንዶቹ አሥር ሰዓት ላይ ከፈረቃ ይወጡና ለስብሰባ ይያዛሉ፤ ስብሰባው መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ምን እንደሚሆን ግን ሁሉም ያውቃል። የእጅ ሰዓት ቢኖርም ባልየው እጅ ላይ ነው። ቤት የቀረችው ሴት የምታየው ምን አላት? እኔ አበባውን አያለሁ። አበባው ክፍት እስከሆነ ድረስ ጊዜ አለ። ጫፉ መጨማደድ ሲጀምር ወደ በሩ እወጣለሁ።

ሰፈራችን አንድ መስመር ላይ የተደረደሩ የጭቃ ቤቶች ነበሩ፣ ወንዶቹም ሁሉ የአንድ ፋብሪካ ሰዎች። ሴቶቹ ይህን ሲያዩ አንድ አንድ እግር እየለመኑኝ ወሰዱ፣ በሚቀጥለው ክረምት መስመሩ ሁሉ የማታ አበባ ሆነ። ከጎናችን ያለችው እልፍነሽ ከሁሉ ይልቅ ተንከባከበችው። ባሏ ደበበ ከበዳዳ ጋር ነው የሚሠራው፣ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመጣሉ።

"አስካለ፣ ያንቺ ዘጋ?" ትለኛለች በአጥሩ ላይ።

"ገና ነው። ያንቺስ?"

"የኔማ ሰነፍ ነው። እንደ ደበበ፣ ተኛ ሲሉት ነው የሚነቃው።"

አበባው መጠምዘዝ ሲጀምር ወንዶቹ ካልመጡ ከመካከላችን አንዷ ተጣድፋ ወደ ፋብሪካው በር ትሄዳለች። ለዘበኛው "ልጅ ታሟል፣ አባቱን ጥሩልኝ" ትላለች። የታመመ ልጅ ያለው ሰው ከስብሰባ ይለቀቃል፤ እሱ ሲነሣ ጎረቤቱም "ልሸኘው" ብሎ ይነሣል። ዘበኛው ነቅቶብን ነበር፣ ነገር ግን ደግ ሰው ነው። "የናንተ ሰፈር ልጆች ክረምት በወጣ ቁጥር ነው የሚታመሙት" ይል ነበር።

አንድ ቀን ደመናው ከጠዋት ጀምሮ ጣራ ላይ ተጋድሞ ዋለ። አበባው በሰዓቱ አልፈካም። ዘግይቶ ፈካ፣ በዘገየውም ልክ ዘግይቶ ሊዘጋ ነበር። ይህን ግን ማን አሰበ? መስመሩ ሁሉ ክፍት አበባ እያየ ተረጋጋ። ሲጨልም የደመና ጨለማ ነው አልን። እልፍነሽ በከሰል ካውያ የደበበን ሸሚዝ እየተኮሰች በአጥሩ ላይ ታወራኛለች። ስለ ስኳር መጥፋት ነበር የምናወራው። ድንገት መንገዱ ጭር ማለቱ ተሰማኝ። ጋሪ የለም። የሰው ኮቴ የለም። ከዚያ ከድልድዩ በኩል የአንድ መኪና ድምፅ ብቻ መጣ። እልፍነሽ ካውያውን እንደያዘች ቆመች፤ ሸሚዙ ሲቃጠል ሸተተን። እሷም አላነሣችውም፣ እኔም አንሺው አላልኳት። አበባው አሁንም ክፍት ነበር።

በዳዳ ያን ማታ አልመጣም። ሲነጋ፣ በወንዙ በኩል ባለው የአጥር ቀዳዳ ሾልኮ ገባ። የወንዙ ቀለም ከጭኑ በታች ሰማያዊ አድርጎታል። ድልድዩ ሥር ውሃው ውስጥ ቆሞ ነበር ያደረው። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ "ምነው፣ ሰማያዊ አያምርብኝም?" አለ። ሳቅኩ፣ ከዚያ ማልቀስ አቃተኝ። ደበበ ከእሱ ጋር ነበር። የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ በዳዳ ወደ ወንዙ ወረደ፣ ደበበ በባቡር ሐዲዱ በኩል አቋርጣለሁ ብሎ ሮጠ። ይህን አንድ ጊዜ ነገረኝ፣ ከዚያ በኋላ እስኪሞት አልደገመውም።

ደበበ አልተመለሰም። እልፍነሽ በሦስተኛው ቀን ወጥታ አበባዋን ከነሥሩ ነቅላ መንገድ ላይ ጣለችው። የጋሪ ፈረሶች ረገጡት። ሁላችንም በየመስኮታችን ሆነን አይተናታል። ያን ሳምንት የማንም በር አልተከፈተም፤ የተወሰደ ሰው ቤት የገባ ሰው ስሙ ይያዛል ይባል ነበር። ብዙም ሳትቆይ ልጇን አዝላ ወደ አገሯ ሄደች። ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ፣ ሳይነጋገሩ፣ የየራሳቸውን ነቀሉ። የኔ ብቻ ቀረ።

"ንቀለው" አልኩት በዳዳን።

"እሱ ምን አጠፋ? ደመናውን አልጠራው።"

"ደመናም አበባም አልልህም። እፈራዋለሁ ነው የምልህ።"

ትንሽ አሰበና፣ "እሺ፣ ፍሪው" አለኝ። "ግን አጠጪው።"

እንደዚያው ኖርን። እየፈራሁት አጠጣሁት። በዳዳም ሳልጠይቀው አንድ ሥርዓት አወጣ፤ አበባው መጠምዘዝ ሳይጀምር ቤት ይገባል። ሰዓት እላፊው ከተነሣም በኋላ፣ ልጆች ወልደን ከዳርንም በኋላ፣ ፀጉሩ ነጭ ከሆነም በኋላ ይህን አላጓደለም። የጡረታ ጓደኞቹ ዳማ ሲጫወቱ ከመሀል ጥሏቸው ሲነሣ፣ "ሂድ፣ ሂድ፣ አበባዋ ትቆጣሃለች" ይሉት ነበር። "አበባዋ አይደለችም፣ ባለቤቷ ናት" ይላቸዋል። አበባው በማይኖርበት በበጋም በዚያው ሰዓት ነው የሚገባው። በሩ ሲንኳኳ እጄ ላይ ያለውን አስቀምጬ እወጣለሁ። ሰዎች ይህን ፍቅር ይሉታል፤ አዎ፣ ፍቅርም ነበር። እኔ ግን ከአሥር ሰዓት እስከ በሩ ድምፅ ድረስ ያለውን አውቀዋለሁ። እዚያ ውስጥ አንድም ማታ ፍርሃት ጎድሎ አያውቅም።

አሁን የሚመጣ የለም። ፍርሃቱ ግን አሥር ሰዓት ሲል ይመጣል። መኪና በሩ አጠገብ ቀስ ሲል ጆሮዬ ይቆማል። አውራ ጎዳናው ያኔ የነበረው አይደለም፤ ወደ ቂሊንጦ የሚመላለሱት የሠራተኛ አውቶቡሶችና ከባድ መኪኖች ሌት ተቀን አያቋርጡም፣ የጋሪው ቦታ ባጃጅ ነው፣ በአሮጌው ሐዲድ ላይ ፍየል ይተኛል። ፍርሃቱ ግን ይህን አልሰማም። ሜሮን ከቱሉ ዲምቱ ትደውላለች። "እማዬ፣ ለምን ብቻሽን ትጨነቂያለሽ? እኛ ጋ ነይ፣ በረንዳው ላይ በባልዲ ትተክይዋለሽ።" "አራተኛ ፎቅ ላይ በር ሲንኳኳ የማን መሆኑን በምን አውቃለሁ?" እላታለሁ። "በሩን የሚያንኳኳውማ እኔ ነኝ" ትላለች፣ ትንሽ ተቀይማ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ከድጃ መጣች። ቤተሰቦቿ ከወሎ ናቸው፣ ባሏ ሰኢድ ወደ ጅቡቲ ተሳቢ መኪና ይነዳል። ደስ የምትል ተጫዋች ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ግን ሻሿን እንኳ አላስተካከለችም።

"እማማ አስካለ፣ አሉ?"

"አለሁ፣ ግቢ ልጄ።"

አልተቀመጠችም። "የሰኢድ ስልክ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አይሠራም" አለችኝ።

"ኔትወርክ ይሆናል።"

"ሁሉም እሱኑ ነው የሚለኝ። አሠሪዎቹም እሱኑ፣ ወንድሜም እሱኑ። እርስዎ እንኳ ሌላ ይበሉኝ።"

 መንገድ ላይ ሾፌር አግተው ይወስዳሉ የሚለውን ወሬ እኔም ሰምቻለሁ፣ እሷም ሰምታለች፣ ሁለታችንም አላነሣነውም። ከዚያ ወደ መደቡ ዞረች። አሥር ሰዓት አልፎ ነበርና ፈክቷል።

"ጋሼ በዳዳ አንድ ጊዜ ነግረውኛል፣ በዚህ አበባ ነው የምትጠብቀኝ ብለው። አንድ እግር ይስጡኝ።"

"አይሆንም" አልኳት። ድምፄ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም።

"አንድ እግር አበባ ነው እኮ፣ እማማ።"

"አበባ ምን ያውቃል? ደመና ሲሆን ይሳሳታል። ስልክሽን ያዢ።"

"ስልኩማ ዝም አለ። ዝም ያለ ስልክ ላይ ከማፍጠጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ባይ አይሻልም?"

ስለ እልፍነሽ ነገርኳት። ለልጆቼ እንኳ ያልነገርኩትን ሁሉ፣ ካውያውን፣ ሸሚዙን፣ መንገድ ላይ የተጣለውን አበባ። ቆማ ሰማችኝ። ስለ ደበበ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ የጠየቀችኝ ግን ስለ እሱ አይደለም።

"ከዚያ በኋላ እሷ ጋ ማን አመሸ?"

"ማንም።"

ከድጃ ወደ በሩ ዞረች። ስልኳን አንድ ጊዜ ገልብጣ አየችና፣ "ደህና ያምሹ" ብላ ወጣች። በሩን ከኋላዋ በዝግታ ነው የዘጋችው፣ እንደተቆጣ ሰው አይደለም።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ሲቃረብ ያ የማውቀው ሲጀምረኝ ጋቢዬን ለብሼ ወጣሁ። የከድጃ በር ከበሬ ሩቅ አይደለም። ግን ሁለት ጊዜ ቆምኩ። የምፈራው የሚያየኝን ሰው አይደለም፤ ዛሬ ጎረቤት ቤት ስለገባሁ ስሜን የሚይዝ የለም። እዚያ ቤት የሚደርሰው ወሬ ምን እንደሆነ አለማወቄን ነው የፈራሁት። ሲደርስ እኔ እዚያ ተቀምጬ እገኛለሁ፣ እንደገና። በአንድ ዕድሜ አንድ እንዲህ ያለ ማታ ይበቃል ብዬ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። ቆሜ ሳስብ በሩን የከፈተችው እሷ ናት፤ ኮቴዬ የሰኢድ መስሏት ኖሯል። ፊቷ ሲጨልም አየሁ።

"አበባውን አመጡልኝ?"

"አላመጣሁም። እኔው ነኝ የመጣሁት።"

ገለል አለችልኝ። ምንጣፉ ላይ ትራስ አደላድላ አስቀመጠችኝ፣ ስልኩን መሀላችን አደረገችው። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም አንገታችንን እናነሣለን። "ይሄ የእሱ አይደለም" ትለኛለች። "የሰኢድ ፍሬን እንደ አህያ ነው የሚጮኸው። አሠራው ብዬ ስንት ዓመት ጨቀጨቅኩት። እንኳንም አላሠራው።" መግሪብ ሲደርስ ተነሥታ ሰገደች፣ እኔ ስልኩን ጠበቅኩላት። አልጮኸም። ቤቴ ስመለስ የኔ አበባ ተዘግቶ አገኘሁት፤ ሲዘጋ ሳላየው የቀረሁበት የመጀመሪያው ማታ ነበር።

ይህን ስጽፍ ሰኢድ ገና አልደወለም። አንድ ሾፌር መኪናው የሆነ ቦታ ቆሞ እንዳየ ተናግሯል ይባላል፤ ያየሁት ሌላ ሊሆን ይችላል ብሏልም ይባላል። ጠዋት አበባውን አጠጣለሁ፣ የወደቀውን ዘንግ አስራለሁ። አሥር ሰዓት ሲሆን በሬን ቆልፌ ከድጃ ቤት እሄዳለሁ፤ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ እቀመጣለሁ።